ካምፕ ውስጥ እየኖሩ ካምፕ ውስጥ መሥራት፦ ሥራው አእምሮን ሲጫን

ይህ ጽሑፍ ካምፕ ውስጥ ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው። በኢንሴንቲቭ ለምትሠሩ አስተርጓሚዎች፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች፣ መምህራንና የሰፈር ጥበቃ አባላት፣ በገበያው ውስጥም በምግብ ቤትና በሱቅ ለምትደክሙ። እኔ ካኩማ ውስጥ ለዓመታት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የኬንያ ናቸው። ኡጋንዳ ወይም ሌላ አገር ያላችሁ የቦታውንና የመሥሪያ ቤቱን ነገር በራሳችሁ ተክታችሁ አንብቡት። ጭንቀቱ ያው ነው።

ስለ ስደተኛ የአእምሮ ጤና ብዙ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን ስለ ተረጂው ነው። ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ስለተቀመጠው፣ ባጅ ስላንጠለጠለው ስደተኛ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ባጅ ያደረገው ሰው ግን ማታ የሚገባው እዚያው ብሎክ ነው። ውሃ የሚቀዳው ከዚያው ቦኖ ነው፣ ለራሽን የሚሰለፈው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው፣ የራሱም ኬዝ ገና አላለቀም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ግጭት ባለባቸው ወይም በቅርብ ዓመታት በነበረባቸው ቦታዎች ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ከ5 ሰው 1ዱ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። ሠራተኛውም የመጣው ከዚያው ሕዝብ ነው፤ ባጁ ከዚህ ቁጥር አያወጣውም።

በእኔ እይታ ካምፕ ውስጥ ሠራተኛን የሚጥለው በአብዛኛው የሥራው አደረጃጀት ነው፦ ሰዓቱ፣ የፕሮግራሙ ጥድፊያ፣ እረፍት ማጣቱ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም ሠራተኛ ሆኖ መቅረቱ። መፍትሔውም መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ትንፋሽ ወደ ውጭ የሚለው ትምህርት ከዚያ በኋላ ይመጣል። እሱንም አልንቅም፤ ቦታው ሲደርስ አነሳዋለሁ።

ምልክቱን ማወቅ

እኛ ዘንድ ሰው ጨርቁን ካልጣለ ታመመ አይባልም። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ "ብዙ ያስባል"፣ "ልቡ ሌላ ቦታ ነው"፣ "ተቀይሯል" እየተባለ ይታለፋል። በተለይ ደግሞ ጨጓራ አለች። ስንቱ ሠራተኛ ነው በዓመት ስድስትና ሰባት ጊዜ ለጨጓራ ክሊኒክ የሚመላለሰው! መድኃኒቱን ይውጣል፣ ይሻለዋል፣ ከባድ ሳምንት ሲመጣ ተመልሳ ትነሳለች። ጨጓራም ራስ ምታትም እውነተኛ ሕመም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መመርመር ተገቢ ነው። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሕመሙ ከሥራው ጋር እየመጣ ከሥራው ጋር የሚሄድ ከሆነ ግን ሰውነታችሁ አፋችሁ ያልተናገረውን እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል።

አንደኛው የሥራ ዝለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታዎችን በሚመዘግብበት 11ኛው መዝገብ ውስጥ ሕመም ብሎ አላስገባውም፤ በአግባቡ ሳይያዝ ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ብሎታል። ሦስት መልክ አለው። ጉልበት ጨርሶ ያልቃል። ሥራው ይጠላል፣ ሰው ያስጠላል፤ ባለጉዳይ ገና በር ላይ ሲታይ "ደግሞ መጣ" ያሰኛል። ሦስተኛው፣ የምሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ስሜት ነው። እነዚህ ከሥራ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ሥራው ሲስተካከል ይቀንሳሉ።

ሁለተኛው የሰው ቁስል ወደ ሰሚው ሲተላለፍ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 ሊሳ ማካንና ሎሪ ፐርልማን የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስም ሰጥተው ጽፈውበታል። የሌላ ሰው መከራ በእናንተ ሕልም ውስጥ ይመጣል። ያላያችሁትን መንገድ፣ ያላያችሁትን ሬሳ ታያላችሁ። ልጃችሁ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ልባችሁ ይመታል።

ሦስተኛው ድብርት ወይም ብርቱ ጭንቀት ነው። ይህ በእረፍት ቀንም አይለቅም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ስሜት ከወረደ፣ ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ተስፋ ከተቆረጠ ይህ በአለቃ ፈቃድና በእረፍት ብቻ የሚያልፍ አይደለም። ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሕክምናም አለው።

አስተርጓሚና "እኔ" የምትል ቃል

ስለ ራሴ ሥራ ትንሽ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ስላለበት።

ለአስተርጓሚ መጀመሪያ የሚነገረው ደንብ "ባለጉዳዩ እንደተናገረው ተናገር" የሚል ነው። እሱ "እኔ" ካለ አንተም "እኔ"። ለትክክለኛነቱ ጥሩ ደንብ ነው፤ ማን ምን እንዳለ አይምታታም። ግን አንዲት እናት "ልጄን መንገድ ላይ ቀብሬ መጣሁ" ስትል በእንግሊዝኛ "ልጄን ቀብሬ መጣሁ" የምለው እኔ ነኝ። በእኔ ድምፅ፣ በእኔ አፍ። ጠያቂው ሳይሰማ ከቀረ ይደገምልኝ ይላል፤ እኔም ደግሜ ልጄን እቀብራለሁ። እሷ አንድ ጊዜ ተናግራ ወጣች። እኔ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሆኜ ሌላ ነገር አጣለሁ። ጠያቂው ማስታወሻ ይይዛል፣ እጁ ሥራ አለው፣ ዓይኑ ወረቀት ላይ ነው። የአስተርጓሚ እጅ ባዶ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለባልደረቦቼ የምመክራቸው የተፈተኑ ነገሮች አሉ። ከቃለ መጠይቁ በፊት ጠያቂውን "የዛሬው ጉዳይ ስለ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ዝርዝር አያስፈልግም፤ "የመደፈር ጉዳይ አለበት" ወይም "ልጅ ሞቷል" መባሉ ብቻ በቂ ነው። ሳያውቁ መግባትና አውቆ መግባት በጣም ይለያያል። ጉዳዩ በእናንተ ላይ ከደረሰው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ "ይህን ሌላ ሰው ቢይዘው" ማለት ነውር አይደለም፤ ለባለጉዳዩም ይሻለዋል። እጃችሁ ባዶ እንዳይሆን ቀንና ስም የምትይዙበት ወረቀት ያዙ፤ ሲያልቅ እዚያው ቢሮ ቀድዳችሁ ጣሉት ወይም አስረክቡ፤ ወደ ቤት አይሄድም። በጣም ከባድ በሆነው ክፍል ላይ ደግሞ ከጠያቂው ጋር አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ "እሷ እንዲህ ትላለች" ወደሚለው መዞር ይቻላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት አይፈቅድም። ከፈቀደ ግን በአንዲት ቃል ምን ያህል ሸክም እንደሚቀል የሠራበት ያውቀዋል።

ደግሞ የባጁ ነገር አለ። ባጁን ከቢሮው በር ሳትርቁ አውልቁት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ካምፕ ውስጥ ግን ባጅ ያለው ሰው በሌሊትም በሩ ይንኳኳል፦ "ወንድሜ፣ ኬዜ የት ደረሰ?"፣ "እህቴ፣ ለእነሱ ንገሪልኝ።" የሚጠይቁት ጨንቋቸው ነው፤ ማስቀየም አይቻልም። ዝም ብሎ መስማትም ቀኑን ወደ ሃያ አራት ሰዓት ሥራ ይለውጠዋል። እኔ የምጠቀምባት አንድ መልስ አለች፦ "እትዬ፣ እኔ እዚያ ቋንቋ ነው የማቀብለው፤ ፋይል አላይም። ነገ ጠዋት ፊልድ ፖስቱ ይከፈታል፣ እዚያ ይመዘግቡልዎታል።" እውነት ናት፣ ትህትና አላት፣ በሩንም ትዘጋለች። ለጤና ሠራተኛና ለመምህርም እንዲህ ዓይነት አንዲት የተዘጋጀች መልስ ታስፈልጋለች። መልሱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ዛሬ ለአንዱ ከተከፈተ ነገ ለሁሉም ይከፈታል።

ከአለቃ ምን ይጠየቅ?

አንድ ጊዜ እሠራበት የነበረ ድርጅት "ጭንቀትን መቆጣጠር" የሚል የአንድ ቀን ስልጠና ሰጥቶን ነበር። ሶዳና ማንዳዚ ቀረበ፣ ዓይናችንን ጨፍነን ተነፈስን፣ ሰርተፊኬት ወሰድን። ሰኞ ስንመለስ ፕሮግራሙ ያው ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቃለ መጠይቅ፣ በመካከሉ ለምሳ እንኳን የተመደበ ሰዓት የለም። ስልጠናው መጥፎ አልነበረም። ከፕሮግራሙ ጋር ግን አልተዋወቀም።

ይህን የምለው በራሴ ሥልጣን ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሴፕቴምበር 2022 በሥራ ቦታ ስለሚኖር የአእምሮ ጤና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ቀጣሪዎች የሥራውን ጫናና አደረጃጀት እንዲያስተካክሉ፣ አለቆች የተጨነቀ ሠራተኛን ማወቅና ማገዝ እንዲሠለጥኑ ይመክራል፤ ለጤናና ለሰብአዊ እርዳታ ሠራተኞች ደግሞ የራሱ ክፍል አለው። ከዚያ በፊትም በ2007 የዓለም አቀፍ እርዳታ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ ባወጣው የአደጋ ጊዜ መመሪያ ውስጥ ሠራተኞችንና በጎ ፈቃደኞችን ስለ መጠበቅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ገብቷል፤ ቁጥሩም 4.4 ነው። "በጎ ፈቃደኞች" የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ብዙዎቻችን በውላችን ላይ የተጻፍነው እንደዚያ ነው። የምናገኘው ገንዘብ ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ ይባላል፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራ የአገሩ ተወላጅ ከሚያገኘውም በጣም ያነሰ ነው። "አንተ ቋሚ ሠራተኛ አይደለህም፣ ይህ አይመለከትህም" ቢሏችሁ መመሪያው እናንተንም እንደሚያነሳ ታሳያላችሁ። በኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይም ፍትሐዊ የሥራ አያያዝ የማግኘት መብት የተሰጠው "ለማንኛውም ሰው" ነው፤ ለዜጋ ብቻ አይልም።

አንዳንድ አለቃ ደግሞ ከመብት ይልቅ ቁጥር ይሰማል። ለእሱ ይህን ንገሩት፦ በዓለም ላይ በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክንና ኪሳራው ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በአንድነት ተናግረዋል።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? በጀት የማይፈልገውን አስቀድሙ። ሁለት ከባድ ጉዳዮች ተከታትለው ለአንድ አስተርጓሚ አይሰጡ። በአንዱና በሌላው መካከል አሥራ አምስት ደቂቃ ይኑር። ፕሮግራሙ ከአንድ ቀን በፊት ይነገር። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ግማሽ ሰዓት ስለ ሥራው የሚነገርበት ሰዓት ይኑር፤ ይህ ግምገማ አይደለም፣ ለቅጣትም አይውልም። አካባቢውን የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ። ከመቶ በላይ ተማሪ የያዘ መምህር ቢያንስ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ረዳት ያግኝ። እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ስጡ። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ "ይህ ልጅ አልቻለም" ይባላል፤ አራት ሰው ሲጠይቅ የሥራው ጉዳይ ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ስሜት አታብዙ፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ጉዳይ እንደያዛችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ስንት ጊዜ እረፍት እንደነበረ ቁጥሩን አስፍሩ። ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውን አስቀሩ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከባድ ነገር ሲደርስ፣ ለምሳሌ ካምፑ ውስጥ ግጭት ተነሥቶ ሠራተኛ ሲጎዳ፣ ሁሉንም ሰብስቦ "እያንዳንዳችሁ ያያችሁትን ተናገሩ" የሚል አለቃ አለ። በቅን ልቦና ነው የሚያደርገው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግና የሚያስገድድ ንግግር አይመክርም። የሚመከረው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ የሚባለው ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2011 በመጽሐፍ ወጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ማየት፣ መናገር የሚፈልገውን መስማት፣ ከሚያግዘው ሰው ወይም አገልግሎት ጋር ማገናኘት። መናገር ያልፈለገ አይናገርም። ውሃ፣ ጥላ፣ ወደ ቤት የሚያደርስ ቦዳቦዳ፣ ቤተሰቡ ደህና መሆኑን የሚጠይቅበት ስልክ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

እርስ በርስ

አለቃ የማይሰጠውን ባልደረባ ይሰጣል። እኛ አስተርጓሚዎች ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ አንዱ ቤት ቡና እናፈላ ነበር። ስኳሩ በተራ ነው። ሁለት ደንብ ነበረን። የባለጉዳይ ስም፣ ብሎክ፣ ብሔር አይነሳም፤ "ዛሬ ከባድ ነበር፣ እንዲህ ተሰማኝ" ብቻ ይባላል። ሁለተኛ፣ ምክር የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብደናል፤ እኛ ሰዎች "አይዞህ፣ እርሳው፣ ጠንከር በል" ማለት እንወዳለን። "እርሳው" የሚባል ሰው አፉን ይዘጋል እንጂ አይረሳም።

ከአንድ አገር መጥተን በአንድ ቢሮ የምንሠራ ሰዎች መካከል ያለውንም መሸፋፈን አያስፈልግም። አገር ቤት የሆነው ነገር እዚህም ይከተለናል። ዛሬ አንዱ ብሔር የሌላውን ብሔር ባለጉዳይ ያስተረጉማል፤ ጠዋት በስልኩ ያየው ዜና ከእሱ ጋር ይገባል። በሥራ ሰዓት ፖለቲካ አይወራ የሚል ስምምነት ብዙ ቡድን አድኗል። ስልክ ላይ የሚመጣውን የግድያ ቪዲዮ በሥራ ግሩፕ ውስጥ አለመላክም እንዲሁ።

በምግብ ቤትና በሱቅ ለምትሠሩ

እዚህ ሂዩማን ሪሶርስ የለም፣ መመሪያ የሚያነብ የለም። አሠሪው ያገራችን ሰው ነው፤ ጋሼ ወይም እትዬ የምትሉት፣ ምናልባትም መንገድ ላይ ያበደራችሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ምድጃ ለኩሳ ማታ አራት ሰዓት ዕቃ የምታጥብ ልጅ አለች፤ ማደሪያዋም እዚያው ነው። ዕዳ ስላለባት አትሄድም፣ ውለታ ስላለባት አትናገርም። ደመወዟ "ይጠራቀምልሻል" እየተባለ የሚያዝ ከሆነ፣ ስልኳ ወይም ወረቀቷ የተወሰደባት ከሆነ፣ ወይም ሌሊት የሚነካት ሰው ካለ፣ ይህ የጭንቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፕሮቴክሽን ጉዳይ ነው፤ ፊልድ ፖስት ላይ ለብቻዋ ገብታ መናገር ትችላለች፤ ሴት ሠራተኛ ይቅረብልኝ ማለትም መብቷ ነው።

እንደዚያ ያልከፋ፣ ሥራው በዝቶ ብቻ የተጨናነቀ ከሆነ ግን ሽማግሌ ይሠራል። በሳምንት ግማሽ ቀን እረፍትና የተወሰነ የመዝጊያ ሰዓት ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው ባለበት ከተነገረ ብዙ አሠሪ ይሰማል። አሠሪ ለሆናችሁም አንድ ቃል፦ ያላረፈች አብሳይ ብርጭቆ ትሰብራለች፣ ደንበኛ ትቆጣለች፣ በመጨረሻም ሳትናገር ትሄዳለች። ግማሽ ቀኑ ከዚያ ይረክሳል።

እርዳታ ፍለጋ ስትሄዱ

ብዙ ሠራተኛ አማካሪ ጋ የማይሄድበት ምክንያት እዚያ የሚያስተረጉመው ባልደረባው ስለሆነ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መውጫም አለው። ሌላ ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ በእሱ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛ፣ ስዋሂሊ፣ ዐረብኛ፣ ኦሮምኛ። ካልሆነም ከሌላ ቦታ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይፈለግልኝ ማለት ይቻላል። የምትሠሩበት ድርጅት ራሱ ምክር የሚሰጥ ከሆነ ከሌላ ድርጅት አማካሪ ጋር አገናኙኝ በሉ።

ሌላው ፍርሃት ሪሴትልመንት ነው። "ፋይሌ ላይ እብድ ተብሎ ይጻፋል" ይባላል። ስለ ተጨነቀ ወይም አማካሪ ስላየ ብቻ ሰውን ከሪሴትልመንት የሚያስወጣ ደንብ በዩኤንኤችሲአር መመዘኛ ውስጥ የለም፤ እንዲያውም የሕክምና ፍላጎት ከምድቦቹ አንዱ ነው። ይህ ማለት ግን ሕመም መጨመር ኬዝ ያፈጥናል ማለት አይደለም። እንዲህ እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ደላሎች አሉ፤ ተጠንቀቁ።

የሚሰጠው እርዳታ ምን ይመስላል? አንዱ በአምስት ጊዜ ቀጠሮ የሚያልቅ የምክር አገልግሎት ነው። ሐኪም ያልሆነ ግን የሠለጠነ ሰው ይሰጠዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሲሆን ናይሮቢ ውስጥ በሴቶች ላይ ተሞክሮ ጠቅሟል። ሌላው በድምፅ ቅጂ የሚመራ የቡድን ትምህርት ነው፤ በሰሜን ኡጋንዳ በደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2020 ታትሟል፣ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ያ ቅድም ወደ ጎን ያቆየሁት የትንፋሽ ትምህርት የሚገባው እዚህ ነው። ሐሳብ ሲወስዳችሁ እግራችሁን መሬት ላይ ተጫኑ፣ በዝግታ ተንፍሱ፣ የምታዩትን አምስት ነገር በልባችሁ ጥሩ፣ የምትሰሙትን አድምጡ። ሐሳቡ አይጠፋም፤ እናንተ ግን ወደ ክፍሉ ትመለሳላችሁ። በሁለት ቃለ መጠይቅ መካከል ባለችው አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። አሥራ አምስት ደቂቃዋ ካለች ማለት ነው።

መድኃኒት ከታዘዘ፣ የድብርት መድኃኒት በአንድ ቀን አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ሲሻላችሁም በራሳችሁ ፈቃድ በድንገት አታቁሙ። ሱስ ያስይዛል የሚባለው ስለ ድብርት መድኃኒት እውነት አይደለም። ሱስ የሚያስይዘው ከዱካ ያለ ትእዛዝ የምትገዙት የእንቅልፍ ኪኒን ነው፤ ዳያዜፓም የሚባለው ዓይነት። ጸበልም ጸሎትም ዱዓም ከመድኃኒት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ጸበል ቦታ ስትሄዱ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ሚራና ስለ አረቄ ረጅም አልናገርም። ሚራ ቀኑን ይዞ ሌሊቱን ይወስዳል፤ አረቄ ያስተኛል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ደግሞ ይቀሰቅሳል። እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛ መጀመሪያ እነዚህን ይመልከት።

ሥራው ሲቆም

እ.ኤ.አ. በ2025 የእርዳታ ገንዘብ ሲቆረጥ በየካምፑ ብዙ ሠራተኛ በአጭር ማስታወቂያ ተቀነሰ፤ ራሽኑም በዚያው ሰሞን አነሰ። ሥራ ያደክማል ብዬ ብዙ ጻፍኩ እንጂ ሥራ ማጣት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጠዋት መነሻ ምክንያት ይጠፋል፣ "አስተርጓሚው" የነበረው ሰው እንደገና የራሽን ካርድ ቁጥር ብቻ ይሆናል። የተቀነሰ ባልደረባ ካላችሁ የዓርቡ ቡና ላይ መጥራቱን አታቋርጡ። የሥራ ምስክር ወረቀቱንም ቢሮው ሳይዘጋ ይውሰድ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ

ባልደረባችሁ "ባልኖር ይሻላል"፣ "ሁሉም በሰላም ያርፍ ነበር" ማለት ከጀመረ፣ ዕቃውን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ከጀመረ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው ወይ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀለዋል። "አዎ" ካለ ብቻውን አትተዉት። ገመድ፣ መርዝ፣ ብዙ ኪኒን ካለበት ቦታ አርቁ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን። ኬንያ ውስጥ የቀይ መስቀል ነፃ የስልክ መስመር 1199 የሥነ ልቦና ድጋፍ ይሰጣል።

በኬንያ ለብዙ ዓመታት ራስን ለማጥፋት መሞከር በወንጀል ያስከስስ ስለነበር ሰዎች ሆስፒታል ለመሄድ ይፈሩ ነበር። በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያን የወንጀል ሕግ አንቀጽ፣ ቁጥር 226ን፣ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ወስኗል። "ፖሊስ ይይዘኛል" ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

ሕክምና ላይ ያላችሁ ደግሞ ካምፕ ልትቀይሩ ወይም በሪሴትልመንት ልትወጡ ከሆነ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘውን የሕክምና ካርድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቢያንስ ለአንድ ወር የሚበቃ መድኃኒትም ከመሄዳችሁ በፊት ከክሊኒኩ ጠይቁ፣ አዲሱ ቦታ ሐኪም እስክታገኙ ጊዜ ስለሚወስድ።